ላሚቷ ወልዳለች፦ የጃፓን የፍቅር አኒሜ እንዴት እንደሚታይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍላሽ ላይ ፊልም እጭናለሁ። ወደኔ ቤት የሚመጣ ሰው ከሁለት አንዱን ነው የሚጠይቀኝ፣ ወይ የሚያስቅ ወይ "የሚያስለቅስ ፍቅር"፣ እና የሚያስለቅስ ሲሉኝ እኔ ደስ እያለኝ የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም በስዕል የተሰራ የጃፓን ፊልም፣ እጭንላቸዋለሁ። ከዛ በማግስቱ ግማሾቹ ተመልሰው ይመጣሉ። "ወንድምዓለም ይሄ የልጆች ካርቱን ነው እንዴ? ደግሞ አያወሩም፣ ዝም ብለው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ፣ ቀይርልኝ እስኪ።" እቀይርላቸዋለሁ፣ ግን በጣም ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም እኔ አያቴ ሞታ ለቅሶዋ ላይ ያልወጣልኝን እንባ ያወጣልኝ እሱ "አያወሩም" የተባለው ነገር ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ጋ ቆሜ በሁለት ደቂቃ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው፣ ምን እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚታይ፣ የት ላይ ጆሮ እንደሚሰጥ፣ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ አሁን ምን ላይ ነኝ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ጓደኛው "ይሄ ምርጥ ነው" ስላለው ብቻ ይጀምራል። ፍቅር ይዟችሁ ለመናገር ፈርታችሁ ከሆነ ትሱኪ ጋ ኪሬ የሚባለውን እዩ፣ የ2017 ነው፣ 12 ክፍል ብቻ፣ ሁለት የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እሱ ደራሲ መሆን ይፈልጋል እሷ ሯጭ ናት፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ ምላሳቸው ይታሰራል ማታ በስልክ ሜሴጅ ግን ይጻጻፋሉ፣ እኛም ሰፈር እንደዛው አይደል። ሳቅ እንዲቀላቀልበት ከፈለጋችሁ ቶራዶራ አለላችሁ፣ 25 ክፍል፣ ልጁ የልጅቷን ጓደኛ ይወዳል፣ ልጅቷ ደግሞ የልጁን ጓደኛ፣ እንረዳዳ ብለው ይጀምራሉ፣ የቀረውን እዩት። ከሰው ጋር ተለያይታችሁ ከሆነ፣ በተለይ ርቀት ከሆነ የለያያችሁ፣ ፋይቭ ሴንቲሜትርስ ፐር ሰከንድ፣ የ2007፣ የማኮቶ ሺንካይ ስራ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ሰው በድላችሁ ከሆነና ፊቱን ማየት ካቃታችሁ ኤ ሳይለንት ቮይስ፣ 2016። ቤተሰብ ያጎደለባችሁ ነገር ካለ የ2019ኙ ፍሩትስ ባስኬት፣ እሱ ረዘም ይላል፣ ሶስት ሲዝን 63 ክፍል ነው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲላችሁ ጀምሩት።

አዲስ ሀዘን ላይ ካላችሁ ግን፣ ማለቴ አርባው ያልወጣ ሰው ካላችሁ፣ እባካችሁ ክላናድ አፍተር ስቶሪን አትጀምሩ። ጥሩ ነው፣ እንደውም ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ የሚነካ ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ሶስተኛ ቀን ሳይወጣላት መጥታ ስትጠይቀኝ አልጫንኩላትም፣ "እታለም ትንሽ ቆይተሽ ነይ፣ አስቀምጥልሻለሁ" ነው ያልኳት።

አሁን ስለ ቋንቋው። በጃፓንኛ ድምፅ ከስር ጽሁፍ ጋር እዩት፣ በእንግሊዝኛ የተቀዳውን ተዉት። እንግሊዝኛችን ስላልጠና ፈርተን ድምፁ እንግሊዝኛ ይሁን እንላለን፣ ግን እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከፈረንጁ የተሻለ ይገባዋል ብዬ ነው የማምነው። ምክንያቱም እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት ነው የሚጠራው፣ እኛ ግን አንተ አለን፣ አንቺ አለን፣ እርስዎ አለን፣ አንቱ አለን። ድሮ ባላገር ሚስት ባሏን አንቱ ስትል ያደገ ሰው ጥሪ ሲቀየር ውስጡ ምን እንደሚቀየር ያውቃል። ጃፓኖች ደግሞ ስም ላይ ይቀጥላሉ፣ ሳን ካሉ አክብሮት ነው፣ ኩን ብዙ ጊዜ ለወንድ ልጅ ነው፣ ቻን ለሚቀርቡትና ለሚያቆላምጡት። የማይቀራረቡ ሰዎች የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው፣ በራስ ስም መጥራት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ስምንት ክፍል ሙሉ በቤተሰብ ስሟ ከነሳኑ ሲጠራት የነበረ ልጅ አንድ ቀን የራሷን ስም ብቻ ከጠራ፣ እሷም ቀና ብላ ካየችው፣ በቃ እሱ ነው ትልቁ ትዕይንት። የስር ጽሁፉ ብዙ ጊዜ አያሳያችሁም፣ በጆሯችሁ ነው የምትይዙት።

ሶስት ቃል ደግሞ ለዩ። ሱኪ ማለት እወድሻለሁ ነው፣ ምግብም ይወደድበታል ሰውም ይወደድበታል። ዳይሱኪ በጣም እወድሻለሁ። አይሽቴሩ ግን ከባድ ነው፣ በተራ ወሬ ከአፍ አይወጣም፣ ትዳር ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ ሳይባባሉት ይኖራሉ። አይሽቴሩ ስትሰሙ አቁሙና ማን ነው ያለው፣ መቼ ነው ያለው ብላችሁ አስቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሞት ወይ ከመለያየት አጠገብ ነው የምታገኙት። ሌላ ደግሞ ኮኩሃኩ የሚባል አለ፣ ልቡን የሚገልጽበት ቀጠሮ ነው፣ ለብቻ ጠርቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እወድሻለሁ አብረን እንሁን ብሎ መልስ መጠበቅ። እኛ ጋ ነገሩ በሰው በኩል፣ በአማላጅ በሽማግሌ ምናምን ስለሚሄድ አንድ ልጅ ይችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር 12 ክፍል ሲፈጅበት ያናድደናል። አትናደዱ። ከተናገረና እምቢ ከተባለ በመሃል የሚሸከምለት ሽማግሌ የለውም፣ ሀፍረቱን ብቻውን ነው ይዞ የሚሄደው።

ወቅቱንም እወቁት። የጃፓን ትምህርት የሚጀምረው በሚያዝያ ነው፣ የሚያልቀው በመጋቢት። ስለዚህ የቼሪ አበባ ካያችሁ ወይ አዲስ ክፍል ገብተው ሰው ሊተዋወቁ ነው ወይ ተመርቀው ሊለያዩ ነው። አበባው ከፈካ በኋላ ሳምንት ገደማ ቢቆይ ነው፣ ከዛ ይረግፋል፣ እነሱም የሚወዱት ስለሚረግፍ ነው። ለኛ ለጎጃሞች ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ የመስከረምን አደይ አበባ ስናይ ነው ያደግነው፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ይሆንና ጥቅምት ሲጋመስ የት እንደገባ አይታወቅም። ያንን ስሜት ይዛችሁ ግቡ። ፋይቭ ሴንቲሜትርስ ፐር ሰከንድ ማለትም የቼሪ አበባ ቅጠል ሲወድቅ አለው የተባለው ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር። የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ርችት ያያሉ፣ ርችት ሲተኮስ አንዱ የሆነ ነገር ይናገርና በድምፁ ምክንያት ሳይሰማ ይቀራል፣ ታህሳስ 24 በነሱ የጥንዶች ምሽት ነው፣ የካቲት 14 ሴቶች ለወንድ ቸኮሌት ይሰጣሉ፣ መጋቢት 14 ወንዶች መልሱን ይመልሳሉ፣ እነዚህ ቀኖች በፈረንጁ ናቸው። ምርቃት ላይ ደግሞ ልጅቷ የልጁን የዩኒፎርም ሁለተኛ ቁልፍ ስትጠይቅ ካያችሁ ሌባ አትበሏት፣ ሁለተኛው ቁልፍ ለልብ ቅርብ ስለሆነ ነው ይላሉ።

እሺ አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ዝምታው። ጎጃም ቅኔ ሀገር ነው፣ ዋሸራና ጎንጅ ያልተማረ ሰው እንኳ ሰምና ወርቅ የሚለውን ከሽማግሌ አፍ ሰምቶ ያድጋል። ያንን ጆሯችሁን ነው እዚህ የምትጠቀሙት። እኔ የገባኝ በአያቴ ደብዳቤ ነው።

አያቴን እምዬ ነበር የምላት፣ ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው ያሳደገችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። አጎቴ ወንጂ ይሰራ ነበር፣ እና በሶስት በአራት ወር አንዴ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ነበር፣ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ መሰለኝ ስንጀምር። ምድጃው ጋ ትቀመጣለች፣ እኔ ደብተሬን ገንጥዬ ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። መጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ማንም የሚያውቀው፣ "ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ከአንተ ሀሳብና ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ"። እሱን ሳትነግረኝ እጽፈዋለሁ። ከዛ ዝም ትላለች። እንጨቱን ትገፋለች። ቆይታ ቆይታ "ላሚቷ ወልዳለች በለው" ትለኛለች። እጽፋለሁ። "ና ልበለው?" እላታለሁ። "እሱ ያውቃል፣ እንገር ይወዳል" ትለኛለች። ሌላ ነገር የለም፣ አጥፈን እናሽጋለን። ያኔ እኔ ስለ ላም የጻፍኩ ነበር የሚመስለኝ።

እምዬ ስትሞት ማርቆስ ነበርኩ። ሄጄ ደረስኩ፣ ድንኳን ተከልኩ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፣ ጠላ አስተናገድኩ፣ ሰው ሁሉ "ጠንከር በል አንተ ነህ ወንዱ" ይለኛል፣ ጠነከርኩ። አላለቀስኩም። ሶስት ወር ሆኖኝ ነው አንድ ማታ ሱቅ ዘግቼ ቫዮሌት ኤቨርጋርደንን ያየሁት። 13 ክፍል ነው፣ 2018 የወጣ። ልጅቷ ወታደር ነበረች፣ ጦርነቱ ሁለት እጇን ወስዶባታል፣ የብረት እጅ ነው ያላት፣ የሚወዳት አለቃዋ መጨረሻ ላይ አይሽቴሩ ብሏት ነው የተለያዩት፣ እሷ ግን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። ቃሉን ለማወቅ ብላ ምን ስራ ያዘች መሰላችሁ፣ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ መጻፍ። በታይፕ። ሰው የሚያወራውን እየሰማች በልቡ ያለውን ትጽፋለች። እኔ እዛ ጋ ነው ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም እሱ ስራ የኔ ስራ ነበር።

10ኛው ክፍል ላይ የታመመች እናት አለች፣ አን የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት፣ አባትየው ሞቷል። ቫዮሌት መጥታ ሳምንት ሙሉ ከእናትየው ጋር ተቀምጣ ትጽፋለች። ልጅቷ ትናደዳለች፣ እናቴ ያላት ትንሽ ቀን ነው፣ ለማን እንደሆነ ለማላውቀው ደብዳቤ ለምን ትጨርሰዋለች ብላ ታለቅሳለች። ደብዳቤዎቹ ግን 50 ናቸው፣ ሁሉም የሷ ናቸው፣ እናቷ ከሞተች በኋላ በየልደቷ አንድ አንድ እየሆነ የሚደርሳት፣ ለ50 ዓመት። እኔ ያንን ሳይ የእምዬ ምድጃ ነው የመጣብኝ። ላሚቷ ወልዳለች። ልጄ ናፍቀኸኛል ና ማለቷ ነበር፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ በእጄ እየጻፍኩት አልሰማኋትም። እስኪነጋ አለቀስኩ፣ ጎረቤቴ ግድግዳ አንኳክታ "ምን ሆንክ?" እስክትለኝ።

ስለዚህ ስታዩ እንዲህ አድርጉ፣ ሰውየው የሚናገረውን ሳይሆን የሚያነሳውን ነገር ተከተሉ። ጃንጥላ አቀበላት? ሁለት ሳንድዊች ገዛ? "ጨረቃዋ ታምራለች" አለ? ትሱኪ ጋ ኪሬ ትርጉሙ እሱ ነው፣ ጨረቃዋ ታምራለች፣ አንድ የድሮ ደራሲ እወድሻለሁ የሚለውን እንዲህ ብላችሁ ተርጉሙት ብሎ ነበር ይባላል። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ካሳዩዋችሁ ሶስተኛው ላይ ይመጣል፣ ያዙት። ፋይቭ ሴንቲሜትርስ ላይ ልጁ በበረዶ ቀን በባቡር ተነስቶ ልጅቷ ጋ ይሄዳል፣ ባቡሩ ሰዓታት ይዘገያል፣ ለሷ የጻፈውን ደብዳቤ ደግሞ ጣቢያ ላይ ንፋስ ይወስድበታል። ካሜራው ሰዓቱን፣ በሩን፣ ባዶውን ወንበር ያሳያል እንጂ ልጁ "ጨነቀኝ" አይልም። አባይ በረሃ መኪና ተበላሽቶበት ደጀን ላይ የሚጠብቀው ሰው ያለው ሰው ይሄ ያልገባው እንደሆነ ይንገረኝ። ስልክ እየነካካችሁ ካያችሁት ግን እውነታችሁን ነው፣ ምንም አይታያችሁም፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ስለ ሞቱ ደግሞ። ክላናድን ያላያችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉትና ቀጣዩ ጋ ግቡ።

ክላናድ አፍተር ስቶሪ የ2008 ነው፣ ግን መጀመሪያ የ2007ቱን ክላናድ ማየት ግዴታ ነው፣ ተማሪ ሆነው ካላወቃችኋቸው ትዳራቸው አይሰማችሁም። ሚስትየዋ ናጊሳ ልጇን ስትወልድ ትሞታለች። ሰው እዚህ ጋ አልቅሶ ይዘጋዋል፣ ወይ ለጓደኛው "ሞተች እኮ" ብሎ ይጨርሰዋል። አትዝጉት! ታሪኩ ከዛ ነው የሚጀምረው። ባልየው ቶሞያ ህጻኗን ኡሺዮን ለሚስቱ ወላጆች ትቶ አምስት ዓመት ስራና መጠጥ ውስጥ ይደበቃል። ከዛ አብረው መንገድ ይወጣሉ፣ ሳይፈልግ፣ ልጅቷን በደንብ አያውቃትም። መንገድ ላይ የገዛላት መጫወቻ አበባ መሃል ይጠፋባታል፣ ሌላ እገዛልሻለሁ ይላታል፣ እሷ ግን እሱን ነው የምትፈልገው፣ አባቷ የመጀመሪያ ጊዜ የሰጣት ነገር ስለሆነ። አያቷ ማልቀስ የሚቻልበት ቦታ ሽንት ቤት ወይ የአባትሽ እቅፍ ነው ብላታለች፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ እና አባቷን "አሁን ማልቀስ እችላለሁ?" አይነት ነገር ስትለው እኔ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። በዛው ጉዞ ቶሞያ የገዛ አባቱ እናት ጋ ይገናኛል፣ ሲጠላው የኖረው አባቱ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን እንዳሳደገው ትነግረዋለች። ያው የሱ ታሪክ ማለት ነው። አድጓል የምለው እዛ ጋ ነው፣ አባቱን ይቅር ሲል። ከአባታችሁ ጋር የተኮራረፋችሁ ካላችሁ ይሄን ለብቻችሁ እዩት፣ ካያችሁ በኋላ ደግሞ ስልክ ለመደወል ጊዜ ይኑራችሁ።

አንድ የማስጠነቅቃችሁ ነገር፣ እነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሀዘንተኛው ብቻውን ነው። ክፍሉን ዘግቶ፣ ምግቡ በር ላይ ተቀምጦ። እኛ ጋ ሀዘንተኛ ብቻውን አያድርም፣ ሰው ይመጣል፣ ተራ ገብቶ ያድራል፣ ቡና ይፈላል፣ አልቃሿ ሙሾ እያወረደች የደነደነውን ሁሉ ታስለቅሳለች። እነሱም ስርዓት አላቸው፣ የሞተው ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ መሰዊያ ላይ ይቀመጣል፣ እጣን ይጨሳል፣ እኛ 40 እንደምንለው እነሱ 49ኛውን ቀን ያስባሉ፣ ፍሩትስ ባስኬት ላይ ቶህሩ የምትባለዋ ልጅ የሞተች እናቷን ፎቶ ድንኳን ውስጥ ይዛ ስታወራው ታያላችሁ። ግን ብቸኝነቱን ከነሱ እንዳትማሩ። ከባዱን ክፍል ከሰው ጋር እዩት፣ እህታችሁን ጥሩ፣ ቡና ይኑር። የጎረቤቴ ነገር የነገርኳችሁ ለዚህ ነው፣ እሷ ግድግዳውን ባታንኳኳ እኔ ምን እሆን ነበር አላውቅም።

ከዛ ለውጡን ተመልከቱ፣ ሰውየው ምን መስራት ጀመረ በሉ። ዩር ላይ ኢን ኤፕሪል ላይ፣ የ2014፣ 22 ክፍል፣ ኮሴይ ፒያኖ ተጫዋች ነው፣ እናቱ እየደበደበች አስተምራው ከሞተች በኋላ ራሱ የሚጫወተውን ድምፅ ጆሮው አይሰማም። ቫዮሊን የምትጫወት ልጅ መጥታ እጁን ይዛ መድረክ ላይ ትጎትተዋለች። ውሸቱ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ መጨረሻው ደብዳቤ ላይ አለ። እናንተ ግን ጣቶቹን እዩ፣ መጀመሪያ ሲቆም፣ ከዛ ሲሳሳት፣ ከዛ እየተሳሳተ ሳያቆም ሲቀጥል። ኤ ሳይለንት ቮይስ ላይ ደግሞ ሾያ ልጅ እያለ መስማት የተሳናትን ሾኮን አሰቃይቷታል፣ የጆሮ መሳሪያዋን እየነቀለ። ሲያድግ ይቅርታ ለማለት የሄደው የምልክት ቋንቋ ተምሮ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በራሱ ቋንቋ "ይቅርታ" ብሎ ቢሄድ እኮ ቀላል ነበር። የሁሉም ሰው ፊት ላይ የኤክስ ምልክት ይታየዋል፣ ቀና ብሎ ማየት ስለማይችል፣ ምልክቱ መቼ እንደሚወድቅ ጠብቁት።

ባለትዳር ለነበሩ፣ በተለይ ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶች፣ አንድ የድሮ አለ፣ ሜዞን ኢኮኩ፣ ከ1986 እስከ 1988 የተሰራ፣ 96 ክፍል። ኪዮኮ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት የኪራይ ቤት አስተዳዳሪ ናት፣ ውሻዋ እንኳ የሚጠራው በባሏ ስም ነው። አንድ ተከራይ ይወዳታል፣ ድሃ ነው፣ ፈተና ወድቋል፣ እና እስከ መጨረሻው የሚታገለው ከሞተው ሰው ጋር ነው። በመጨረሻ መቃብሩ ጋ ሄዶ አንተንም ከነትዝታህ ይዤ ነው የምወዳት ይለዋል። እኔ ጋ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች፣ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ፣ ደግማ ብታገባ ሰው ምን ይለኛል እያለች ስትጨነቅ የነበረች። በየሳምንቱ ስድስት ስድስት ክፍል እየጫንኩላት ጨረሰችው። የመቃብሩን ክፍል አይታ ስትመጣ "ለካ እሱንም ይዞ መሄድ ይቻላል" ነው ያለችኝ፣ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ሌላ ሳትጭን ሄደች።

ከነሱ የማትወስዱትንም ልናገር። ወንዱን የምትመታ የምትሳደብ ልጅ "ፍቅር ስለሆነ ነው" ይባላል፣ ቶራዶራም ላይ አለ፣ አይ፣ ዱላ ዱላ ነው። እምቢ ያለችን ልጅ እየተከተሉ ማስቸገርም እንደ ጽናት የሚታይባቸው አሉ፣ እነሱን ጀምራችሁ ተዉት። አስር ዓመት በዝምታ መውደድም ቆንጆ የሚሆነው ስክሪን ላይ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ አጭር ነው። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 12 ክፍል ማለት አምስት ሰዓት አይሞላም፣ ግን በአንድ ሌሊት አትጨርሱት፣ በቀን ሁለት ይበቃል፣ ሌላው ውስጣችሁ እንዲቆይ። መጨረሻ ላይ ያለውን ዘፈን አትዝለሉት፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፣ አንዳንዴ ከሱ በኋላ ትዕይንት አለ። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ የስር ጽሁፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይ ከዘገየ ኮምፒውተር ላይ የጂ እና የኤች ቁልፎችን እየነካችሁ አስተካክሉት፣ ሰው በዚህ ምክንያት "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ ሲመልስልኝ ያሳዝነኛል። መብራት ስለሚጠፋ ስልክ ላይም አስቀምጡ።

ሌላ ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ክላናድን፣ ቫዮሌትንና ኤ ሳይለንት ቮይስን የሰራው ኪዮቶ አኒሜሽን የሚባል አንድ ቤት ነው። ሐምሌ 2019 ላይ አንድ ሰው ስቱዲዮአቸውን አቃጥሎ 36 ሰው ሞተ። የቀሩት ግን የቫዮሌትን ፊልም ጨርሰው በ2020 አወጡት። የደብዳቤዎቹን ትዕይንት ስታዩ እጃቸውን አስቡት፣ እያንዳንዱን ፀጉርና እያንዳንዱን እንባ ሰው ነው የሳለው።

እና ካለቀ በኋላ። ወዲያው ሌላ አትጀምሩ። ወረቀት አውጡ፣ ስልክም ይሆናል፣ ወረቀት ግን ይሻላል፣ ስታዩ ፊቱ የመጣባችሁን ሰው ያዙና ጻፉለት። በህይወት ካለ ላኩለት፣ ከሌለ ለሚያውቀው ሰው ላኩ። "እወድሃለሁ" ብላችሁ መጻፍ ካቃታችሁ አትጨነቁ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ጻፉ፣ አብራችሁ የበላችሁትን፣ የወጣችሁትን ዛፍ።

እኔ ለአጎቴ ጻፍኩ። ከእምዬ ተዝካር ወዲህ ብዙም አላወራንም፣ እሱ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም ብሎ አዝኖብን ነበር። ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት። ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ከአንተ ሀሳብና ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ላሚቷ ወልዳለች። ወደ ወንጂ የሚሄድ ሰው አገኘሁና ሰጠሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለ። ትንሽ ዝም አለ። "ላሚቷ ለተዝካሩ ተሸጣ የለም እንዴ?" አለኝ።

"አዎ ተሸጣለች" አልኩት።

አሁንም ዝም አለ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዛ "ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቢቸና ድረስ መጥተህ ተቀበለኝ" አለኝ።